በ108 ኪሎ ሩጫ ስጀምር

መጀመሪያ የወጣሁ ቀን የሮጥኩት 4 ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላ 3 ሳምንት አነከስኩ።

ያኔ ክብደቴ 108 ኪሎ ነበር። ቁመቴ 1 ሜትር ከ72 ነው። ክብደታችሁን በኪሎ ይዛችሁ፣ በሜትር ለተለካው ቁመታችሁ ሁለት ጊዜ ስታካፍሉት የሚመጣው ቁጥር ቢኤምአይ ይባላል። 25 ሲሞላ ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ 30 ሲሞላ ደግሞ ከልክ ያለፈ ውፍረት ይባላል። የእኔ 36.5 ነበር። ቁጥሩን በግልጽ የምጽፈው በምክንያት ነው። ስለ ሩጫ ምክር ፈልጌ ሳነብ አብዛኛው 4 ወይም 5 ኪሎ መቀነስ ለፈለገ ሰው የተጻፈ ነበር። የእኔ ጉዳይ እንደዚያ አልነበረም። የእናንተም እንደዚያ ካልሆነ ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው።

ያን ቀን የሮጥኩት በልጅነቴ እንደምሮጠው ነው። ሩጫ ሲባል የማውቀው እሱን ብቻ ነበር፤ ተነስቶ መፈትለክ። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ቁና ቁና መተንፈስ ጀመርኩ። አራተኛው ላይ የግራ ባቴን አንዳች ነገር ጨምድዶ ያዘኝና ቆምኩ። ወደ ቤት የተመለስኩት አጥር እየተደገፍኩ ነው። «ሩጫ ለእኔ ዓይነቱ ሰው አይሆንም» ብዬ ነገሩን ዘጋሁት። 2 ዓመት ሙሉ አልከፈትኩትም።

አሁን 30 ደቂቃ ሳላቋርጥ እሮጣለሁ። በመሀል የተለወጠው ነገር አንድ ነው። ዘገየሁ። አሯሯጤንም፣ ፕሮግራሙንም አዘገየሁት።

ሁለተኛው ሙከራዬ የጀመረው ከሐኪም ዘንድ ነው። ዶክተሯ ግፊቴን ለኩ፣ ልቤን አዳመጡ፣ የስኳር ምርመራ አደረጉልኝ። በቤተሰቤ የልብ ሕመም ስላለ ኢሲጂ የሚባለውን የልብ ምርመራም አዘዙ። ሁሉም ደህና ሆነ። ስወጣ ግን ስለዚያ 4 ደቂቃ ነገርኳቸው። አዳመጡኝና «ልብህና ሳንባህ ቶሎ ይለምዳሉ፤ ጅማትህና አጥንትህ ግን ይዘገያሉ። ትንፋሽህ ተሻለ ብለህ ስትጨምር ነው የምትጎዳው» አሉኝ።

ይህች ዓረፍተ ነገር ናት ሁሉን ነገር የገለጠችልኝ። ስንራመድ ሁልጊዜ ቢያንስ አንድ እግራችን መሬት ላይ ነው። ስንሮጥ ግን በየእርምጃው ሁለቱም እግሮቻችን ለቅጽበት አየር ላይ ይሆናሉ። ከዚያ መላ ሰውነታችን በአንድ እግር ያርፋል። በዚያች ቅጽበት እግራችን የሚቀበለው ጫና ከክብደታችን ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይደርሳል። በእኔ ክብደት ሲሰላ ከ200 ኪሎ በላይ ነው። ይህ የሚሆነው ሁለቱ እግሮች እየተፈራረቁ በደቂቃ 150 ጊዜ ያህል ነው።

የሚያስፈራ ይመስላል። ነገር ግን አጥንትም ጅማትም ጫና ሲያገኛቸው ይጠነክራሉ፤ የተፈጠሩት ለዚያ ነው። ጊዜ ብቻ ይፈልጋሉ። ትንፋሽ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ልዩነቱ ይታወቃል። ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይወስድባቸዋል። ስለዚህ ከአንድ ወር በኋላ «ኧረ እኔ እችላለሁ!» የምትሉበት ቀን ይመጣል። ትንፋሻችሁ እውነቱን ነው። ቅልጥማችሁ ግን ገና እዚያ አልደረሰም።

እናንተም ከመጀመራችሁ በፊት ታዩ። በተለይ ግፊት፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ካለባችሁ፣ ወይም ለብዙ ዓመታት ምንም እንቅስቃሴ ካልነበራችሁ ይህን አትዝለሉት። የስኳር መድኃኒት፣ በተለይ ኢንሱሊን የምትወስዱ ከሆነ፣ ስትሮጡ ስኳራችሁ ከሚገባው በታች ሊወርድ ስለሚችል ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ። አንዳንድ የግፊትና የልብ መድኃኒቶች ደግሞ የልብ ምትን ዝቅ አድርገው ይይዛሉ፤ እነሱን የሚወስድ ሰው በሰዓቱ ላይ በሚያየው የልብ ምት ቁጥር ሊመራ አይችልም። እየሮጣችሁ ደረታችሁን ከጨመቃችሁ፣ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ ራሳችሁን ካዞራችሁ ወይም ዓይናችሁን ከጋረዳችሁ፣ እዚያው ቁሙ። ያለፈ ቢመስላችሁም ሳትታዩ ወደ ሩጫ አትመለሱ።

ከዚያ ለ4 ሳምንት አልሮጥኩም። ተራመድኩ። በሳምንት 5 ቀን፣ መጀመሪያ 15 ደቂቃ፣ በአራተኛው ሳምንት 40 ደቂቃ። ይህን ክፍል ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔም ልዘለው ዳድቶኝ ነበር። ዛሬ ግን ከሁሉ የጠቀመኝ እሱ ይመስለኛል። ውስጥ እግሬ፣ ተረከዜ፣ ወገቤ ከመሬት ጋር የተላመዱት ያኔ ነው። ምልክቴ እንዲህ ነበር፦ 40 ደቂቃ ፈጠን ብዬ ተራምጄ በማግስቱ ጠዋት ከአልጋ ስወርድ የመጀመሪያዋን እርምጃ ያለ ሕመም ከረገጥኩ፣ ዝግጁ ነኝ ማለት ነው። ይህ ምልክት የመጣልኝ በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ ነው። ለእናንተ በሁለተኛው ሊመጣ ይችላል፤ በስምንተኛውም ሊመጣ ይችላል።

የተከተልኩት ፕሮግራም ካውች ቱ ፋይቭ ኬ የሚባለውን ነው። ከሶፋ ተነስቶ 5 ኪሎ ሜትር እስከ መሮጥ ማለት ነው። ጆሽ ክላርክ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1996 ለእናቱ ብሎ አዘጋጀው። ስልክ ላይ የሚጫን አፕ ሆኖም ይገኛል። ወረቀት ላይ ጽፎ መያዝም ይበቃል። በሳምንት 3 ቀን ነው፤ በመሀል ቢያንስ አንድ ቀን እረፍት አለው። የመጀመሪያው ሳምንት 5 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ለማሟሟቂያ፣ ከዚያ 60 ሰከንድ ሶምሶማና 90 ሰከንድ እርምጃ እያፈራረቁ 20 ደቂቃ። ይህን ሳነብ በጣም ቀላል መሰለኝ። 60 ሰከንድ!

የመጀመሪያዋን ደቂቃ አስታውሳታለሁ። ታላቅ እህቴ አብራኝ ነበረች። እሷ ጉልበቷን ስለሚያማት ልትራመድ ብቻ ነው የወጣችው። ማሟሟቂያውን ጨርሰን ስልኬ ሲጮህ ተፈተለክሁ። አሮጌው ልማድ። አንድ አሥር እርምጃ እንደሄድኩ ከኋላዬ «አንተ! ምን ያስቸኩልሃል? ከእኔ ጋር እኩል ሁን!» አለችኝ። ተመለስኩና አጠገቧ ሮጥኩ። እሷ ትራመዳለች፣ እኔ እሮጣለሁ፣ ትከሻ ለትከሻ ነን። እርምጃዬ አጠረች። እግሬ ብዙም ከመሬት አይነሳም። ክንዴ ይወዛወዛል፣ አካሄዴ ግን የእሷን ያህል ነው። ስልኩ ደቂቃው ማለቁን ሲነግረኝ ትንፋሼ ከእኔ ጋር ነበር። አልተቆረጠም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የፍጥነት መለኪያዬ እህቴ ሆነች። ከእሷ ከቀደምኩ ፈጥኛለሁ ማለት ነው። አብሯችሁ የሚራመድ ሰው ከሌለ ሌላ መለኪያ አለ፤ እየሮጣችሁ ድምፅ አውጥታችሁ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። መሀል ላይ አየር ሳትስቡ ከጨረሳችሁት ልክ ናችሁ። ሁለት ሁለት ቃል እየቆራረጣችሁ ከሆነ ቀንሱ። መቀነስ ስል መቆም ማለቴ አይደለም። እርምጃችሁን ማሳጠር ማለቴ ነው። «ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩማ ሩጫ አይባልም» ትሉ ይሆናል። ይባላል። ሁለቱ እግሮቻችሁ ለቅጽበት እንኳ ከመሬት ከተነሱ ሩጫ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ጆሮዬ አስተማረኝ። ስፈጥን ጫማዬ መሬቱን ጧ ጧ ያደርገዋል። እርምጃዬን አሳጥሬ እግሬን ከሰውነቴ ሥር ሳሳርፈው ድምፁ ይቀንሳል። እግሬን ወደ ፊት አርቄ ተረከዜን ስተክል ደግሞ ጉልበቴ ድረስ ይሰማኛል። ስለዚህ ሙዚቃ ማዳመጥ ትቼ እግሬን አዳምጥ ጀመር።

የመጀመሪያውን ሳምንት ሁለት ጊዜ ደገምኩት። ሁለተኛውንም እንዲሁ። እሱ 90 ሰከንድ ሩጫ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ ነው። ማንም ደግም አላለኝም። የራሴ ሕግ ነበር፦ የሳምንቱን ሦስተኛ ቀን ጨርሼ «አንድ ዙር ብጨምር እችላለሁ» ካላልኩ አልፈውም። ፕሮግራሙ 9 ሳምንት ይላል። እኔ የጨረስኩት በ20 ሳምንት ነው፤ የእርምጃውን 4 ሳምንት ሳልቆጥር። ቀን መቁጠሪያው ላይ ወደ ኋላ ቀርቻለሁ ብሎ የሚጨነቅ ሰው ካለ ይህን ቁጥር ይያዝልኝ። 9 ሳምንት የሚለው የፕሮግራሙ ርዝመት ነው፤ የእናንተ አካል ግን የራሱ ሰዓት አለው።

አምስተኛው ሳምንት ላይ ሕጌን ጣስኩ። ሦስተኛው የፕሮግራም ሳምንት ላይ ደርሼ ነበር፤ 3 ደቂቃ የሚሮጥበት። ትንፋሼ እጅግ ተሻሽሏል፣ ደስ ብሎኛል። እረፍት በነበረብኝ ቀንም ወጣሁ። በማግስቱም ወጣሁ። ዶክተሯ ያሉኝ ቀን ያ ነበር፤ እኔ ግን አላወቅኩትም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ደረጃ ስወርድ የቀኝ ቅልጥሜ ውስጠኛው በኩል ጠዘጠዘኝ።

ቁጭ ብዬ በአውራ ጣቴ አጥንቱን ተከትዬ ተጫንኩት። ሕመሙ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ጀምሮ አንድ ስንዝር ያህል ይሄዳል። እዚህ ላይ የተማርኩትን ልንገራችሁ፣ ጠቃሚ ነው። ሕመሙ በአጥንቱ ጠርዝ ላይ እንዲህ ሰፋ ብሎ ከተሰማ ብዙ ጊዜ ጀማሪዎችን የሚይዘው የቅልጥም ሕመም ነው፤ እረፍት ያሽረዋል። ነገር ግን በአንድ ጣት ጫፍ የምትሸፍኑት አንዲት ነጥብ ላይ ብቻ የሚያም ከሆነ፣ ቁጭ ባላችሁበት ወይም ሌሊት የሚያም ከሆነ፣ ወይም በአንድ እግር ዘለል ስትሉ የማያስችል ከሆነ፣ አጥንቱ ላይ ስንጥቅ ሊኖር ይችላል። ያን ጊዜ ሩጫ የለም። ቀጥታ ወደ ሐኪም ነው።

የእኔ የመጀመሪያው ዓይነት ነበር። 10 ቀን ያህል አልሮጥኩም። የሚቆም ብስክሌት ላይ ፔዳል መታሁ፣ ሳያመኝ የምችለውን ያህል ተራመድኩ። ስመለስ ካቆምኩበት አልጀመርኩም፤ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ወረድኩ። ያን ቀን በጣም ከፍቶኝ ነበር። እንዲያውም ለመተው ቋፍ ላይ ነበርኩ። 2 ወር ያህል ለፍቼ ወደ 90 ሰከንድ ተመለስኩ ብዬ አዘንኩ። ያልተውኩት እህቴ በሩን አንኳኩታ «ጫማህን አድርግ» ስላለችኝ ብቻ ነው።

ያኔ ነው ጡንቻ ማጠንከር የጀመርኩት። 3 ነገር ብቻ፤ በሩጫ ቀን ከሩጫው በኋላ፣ 10 ደቂቃ። ግድግዳ ይዤ ተረከዜን አንስቼ በእግር ጣቴ መቆምና ቀስ ብዬ መውረድ። ወንበር ላይ በእጄ ሳልደገፍ መነሳትና መቀመጥ። በጀርባዬ ተኝቼ ጉልበቴን አጥፌ ወገቤን ከመሬት ማንሳት። እያንዳንዱን 10 ጊዜ፣ ሁለት ዙር። መጀመሪያ ከወንበር 6 ጊዜ ብቻ ነበር መነሳት የምችለው። ባት፣ ጭንና መቀመጫ ሲጠነክሩ ጫናውን ከአጥንትና ከመገጣጠሚያ ላይ ይጋራሉ። የቅልጥሜ ሕመም ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

ስለ ጫማ አጭር ልበል። መጀመሪያ የሮጥኩት ሶሉ ባለቀ አሮጌ ስኒከር ነበር። ለወፍራም ሰው ከልብስ ሁሉ በፊት የሚቀድመው ጫማ ነው። ውድ መሆን የለበትም፤ ለሩጫ የተሠራ፣ ስትቆሙበት ከአውራ ጣታችሁ ፊት አንድ የእጅ አውራ ጣት ስፋት የሚተርፈው፣ ጎኑ የማያጣብቅ ይሁን። እግር በቀኑ ውስጥ ስለሚያብጥ አመሻሽ ላይ ለኩት። የሩጫ ጫማ ብዙውን ጊዜ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ያገለግላል ይባላል። ክብደት ሲኖር ወደ ታችኛው ቁጥር መቅረብ ነው። መንገዱ ደግሞ ደልዳላ ይሁን። ቁልቁለት ለትንፋሽ ይቀላል፣ ለጉልበት ግን ከዳገቱ ይከፋል።

ማንም ያልነገረኝ ነገር የቆዳ መላላጥ ነው። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን ሮጬ ገባሁና ሻወር ከፈትኩ። ውሃው የጭኔን ውስጠኛ ክፍል ሲነካው ጮህኩ። ሁለቱ ጭኖቼ እየተፋተጉ ቆዳው ተልጦ ቀልቷል። ብብቴም፣ ከሆዴ እጥፋት በታችም እንዲሁ። በማግስቱ መራመድ አቃተኝ። ብዙ ሰው ስለዚህ ማውራት ያፍራል፤ ሳይናገርም ሩጫውን ይተዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። የጥጥ ልብስ ላብ ይዞ ስለሚቀር ከሰውነት ጋር ተጣብቆ ያሻሻል። በእሱ ፈንታ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ሰውነት ላይ ልጥፍ የሚል የስፖርት ታይት ከውስጥ ልበሱ። ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ የሚፋተገው ቦታ ሁሉ ላይ ቫዝሊን በደንብ ቀቡ። ወንዶች የጡታችሁን ጫፍ አትርሱ። ለሴቶች እህቴ ይህን ጻፍልኝ ብላለች፦ አጥብቆ የሚይዝ የስፖርት ጡት መያዣ ከጫማ እኩል ነው፤ ስትዘሉ የማይንቀሳቀስ መሆኑን ሳታዩ አትግዙ። ቆዳው ከተላጠ ደግሞ እስኪደርቅ በእርምጃ ቆዩ።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። ሰው ያየኛል የሚለው ፍርሃት።

እኔ ለሳምንታት ሳይነጋ ነበር የምወጣው። ለአየሩ ብዬ አልነበረም። እንዳልታይ ነው። አንድ ቀን ዘግይቼ ወጣሁና ከመኪና መስኮት አንገቱን ያወጣ ሰው የሆነ ነገር ጮኸብኝ። ቃሉን እዚህ አልደግመውም። ሩጫዬን አቁሜ መራመድ ጀመርኩ፤ እግሬ ስላልቻለ ሳይሆን ዓይኔ እንባ ስላቀረረ ነው። ያ ቀን አሁንም ያመኛል። «ሰው ምን ይላል አትበሉ» የሚል ምክር አልሰጣችሁም፤ ሰው እንደሚል አውቃለሁና። የረዳኝን ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ብቻዬን አልወጣም ነበር። ሁለተኛ፣ የምሮጥበትን ቦታ ሌሎች ስፖርት የሚሠሩበት አደረግኩት። እዚያ ሁሉም በራሱ ላብ ተይዟል። በዕድሜ የገፉ አንድ ቀጭን ሯጭ ነበሩ፤ በየጠዋቱ ሁለትና ሦስት ጊዜ ዞረው ይደርሱብኛል። ባለፉኝ ቁጥር እጃቸውን ከፍ አድርገው «በርታ ልጄ!» ይሉኛል። አንድ ቀን ቀረሁ። በማግስቱ ሳያልፉኝ በፊት አጠገቤ ቀስ ብለው «ትናንት ምነው ጠፋህ?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ በብርሃን መውጣት ጀመርኩ።

አምስተኛው የፕሮግራም ሳምንት ሰውን የሚያስደነግጥ ነው። የመጀመሪያው ቀን 5 ደቂቃ ሦስት ጊዜ፣ ሁለተኛው ቀን 8 ደቂቃ ሁለት ጊዜ፣ ሦስተኛው ቀን ድንገት 20 ደቂቃ ያለ እረፍት። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ይተዋል። ለከባድ ሰው ዝላዩ እውነትም ይበዛል ብዬ አምናለሁ። እኔ በመሀል ደረጃ ሠራሁለት። ያን ሳምንት ሦስት ሳምንት አደረግኩት። 8 እና 8 ከሮጥኩ በኋላ 10 እና 10፣ ቀጥሎ 12 እና 8፣ በመሀላቸው 3 ደቂቃ እርምጃ። ከዚያ ነው 20ውን የሞከርኩት።

ያን ቀን ስልኬን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት፤ ደቂቃውን እንዳላይ። የመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች ከሁሉም ይከፋሉ። ይህ ሁልጊዜም እንዲሁ ነው፤ ሰውነት ገና እስኪሞቅና ትንፋሽ እስኪስተካከል እግር እንደ እርሳስ ይከብዳል። ይህን ሳላውቅ በፊት «ዛሬ አይሆንልኝም» ብዬ የተመለስኩባቸው ቀናት አሉ። 7ኛ ወይም 8ኛ ደቂቃ አካባቢ የሆነ ነገር ይለቅቃል። ትንፋሼ ከእርምጃዬ ጋር ገጠመ፤ ሦስት እርምጃ አስገባለሁ፣ ሦስት እርምጃ አስወጣለሁ። ከዚያ ላብ ዓይኔ ውስጥ ሲገባ ብቻ ነበር መሮጤ ትዝ የሚለኝ። ስልኩ ሲጮህ ከእርምጃ እረፍቶቹ አንዱ መሰለኝ። አወጣሁት። 20 ደቂቃ ይላል። እህቴ ከኋላ እያጨበጨበች ደረሰች።

ስለ ክብደት ሁሉም ስለሚጠይቀኝ እውነቱን ልጻፍ። በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ሚዛኑ ላይ 1 ኪሎ ከግማሽ ጨመርኩ። ደንግጬ ነበር። አዲስ ሥራ የጀመረ ጡንቻ ውሃ ይይዛል፤ ስብ አይደለም የጨመረው። በኋላ ይለቃል። በጠቅላላው በ6 ወር ገደማ የቀነስኩት 7 ኪሎ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ቅር ይለዋል፤ ሒሳቡን ግን እንየው። ሩጫ በግምት ለአንድ ኪሎ ክብደት በአንድ ኪሎ ሜትር 1 ኪሎ ካሎሪ ያቃጥላል። 100 ኪሎ የሚመዝን ሰው 5 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ 500 ያህል ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ደግሞ ወደ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል። ጀማሪ ሆናችሁ ከዚያ ያነሰ ነው የምትሮጡት፣ ረሃቡም ይጨምራል። ስለዚህ ክብደት የሚወርደው በዋናነት ከገበታ ነው። ለመቀነስ ብቻ ብላችሁ ከጀመራችሁ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሚዛኑ ያስተዋችኋል። እኔ ሚዛኑን ለ2 ወር አልጋ ሥር አስገባሁት።

በእሱ ፈንታ ሌላ ነገር ጻፍኩ። ጠዋት ከአልጋ ሳልነሳ የልብ ምቴን እቆጥራለሁ። ስጀምር በደቂቃ 84 ነበር፤ ስጨርስ 68። ደረጃ ስወጣ ስልክ ማውራት ቻልኩ። የጫማዬን ክር ቁጭ ብዬ ትንፋሼን ሳልይዝ አሰርኩ። ይህን የመጨረሻውን ወፍራም የሆነ ሰው ብቻ ነው የሚገባው።

30 ደቂቃውን የጨረስኩት በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ርቀቱን ሳየው 3.6 ኪሎ ሜትር ነበር። ፕሮግራሙ 5 ኪሎ ሜትር ይላል፤ በ30 ደቂቃ 5 ኪሎ ሜትር ለመሮጥ ግን አንዱን ኪሎ ሜትር በ6 ደቂቃ መጨረስ ያስፈልጋል። እኔ ከ8 ደቂቃ በላይ ይፈጅብኛል። አልከፋኝም። ፍጥነቱን ሳልነካ በየሳምንቱ ከሦስቱ ቀን አንዱ ላይ 3 ደቂቃ ብቻ እየጨመርኩ ቀጠልኩ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ 5 ኪሎ ሜትሩ ሞላ። 42 ደቂቃ ፈጀብኝ።

እህቴ ያን ሁሉ ጊዜ አጠገቤ ስትራመድ የእሷ ጉልበት ተሻለው። ባለፈው ወር ሐኪሟ ጋር ሄዳ «ቀስ እያልሽ መሞከር ትችያለሽ» ተባለች። ሐሙስ ጠዋት የመጀመሪያዋን 60 ሰከንድ ልትሮጥ ነው። እኔ አጠገቧ እራመዳለሁ። ቫዝሊኑን ከአሁኑ ሰጥቻታለሁ።